የሐሙሱ ዘንግ

«ኧረ ‹እስማማለሁ› የሚለውን ተጫኚው! ምኑን ነው እንዲህ የምታነቢው?»

«የምስማማበትን ነዋ!» አለች ሚስቱ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል። «አንተ ሳታነብ ፈርመህ አይደል እንዲህ የሆንከው?»

እውነቷን ነው። ካቦ ከሳሙና ፋብሪካው ሲያሰናብቱት የሰጡትን ወረቀት ዝም ብሎ ነበር የፈረመው። ከስንብት ክፍያው ገሚሱ በፋብሪካው አክሲዮን እንደሆነ የነገረችውም እሷ ናት።

ካቦ የሚለውን ስም ያወጡለት የፈረቃ ኃላፊ ሳለ ነው፤ አሁን ሰፈሩም ሚስቱም የሚጠሩት በሱ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር ከተሰናበተ ወራት አልፈዋል። እሱ ግን ዛሬም በጠዋት ተነስቶ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ስልኩን ደረት ኪሱ ከትቶ ይቀመጣል። ይደውላሉ ብሎ! ያለ እኛ ያ ፋብሪካ ውሎ አያድርም፣ መኪና ልከው ነው የሚወስዱን ብሎ ይምላል። አይ ካቦ።

ሚስቱ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። እዚያው አጠገቧ ያለው ሱቅ ተለቅቋል፤ አክሲዮኑን ሸጠን እንከራየው፣ አንተም ማሽን ትጠግንበታለህ ባይ ናት። ባለ ሱቁ ዛሬ እስከ ማታ ቁርጡን ካልነገራችሁኝ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሏል። ለካቦ ግን ሱቅ መክፈት ማለት በቃ፣ አይጠሩኝም ብሎ ማመን ነው። ስለዚህ የአክሲዮን ዋጋ ሲወጣ ሲወርድ በሥዕል የሚያሳየውን ፕሮግራም አስጭኖ፣ ፋብሪካው እነሱን ካጣ ወዲህ እንዴት እንደተንኮታኮተ በዓይኗ ሊያሳያት ቆርጧል።

ፕሮግራሙ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጥ አልሆነም። መሃል ላይ ኢንተርኔት ተቋረጠና እንደገና ሀ ብሎ ጀመረ። ኢሜይል ጠየቀ። የይለፍ ቃል ጠየቀ፤ ሲሰጡት አጠረ አለ፤ ሲያስረዝሙት ደግሞ ቁጥር ጨምሩበት አለ።

«ጉድ እኮ ነው! ልጃችሁን ዳሩልን አላልን!» አለ ካቦ።

«ልምድዎ ምን ያህል ነው ይላል። ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ ባለሙያ።»

«ባለሙያ በይው።»

«የአክሲዮን ነው ወይስ የሳሙና?» ብላ ጀማሪ የሚለውን ተጫነች። ካቦ ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

በስንት መከራ ጥቁር መስኮት ተከፈተ። ሚስቱ የፋብሪካውን ስም ጻፈች። ስክሪኑ ለአፍታ ባዶ ሆነና ቀይና አረንጓዴ ዘንጎች ከዳር እስከ ዳር ተደረደሩ፤ አንዳንዱ ረጅም፣ አንዳንዱ ድንክ።

«አንዱ ዘንግ የአንድ ቀን ገበያ ነው» አለች፣ መመሪያውን እያነበበች። «ቀይ ከሆነ ዋጋው በዚያ ቀን ወርዷል፤ አረንጓዴ ከሆነ ወጥቷል።»

ካቦ መነጽሩን አደረገ። «ይኸው ቀይ! ይኸውልሽ ይሄም ቀይ! አላልኩሽም?»

«ይሄ እኮ አምና ነው። አንተ እያለህ።»

«እሺ፣ የኛን ቀን አምጪው።»

የኛ ቀን የሚለው ያን ሐሙስ ነው። ማሽኖቹ ቆመው፣ ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ፣ ስሙ የተጠራ ወደ በሩ ይሂድ የተባለበትን።

ሚስቱ ጠቋሚውን ቀስ እያደረገች ወሰደችው። ቀኑ ከታች ብቅ አለ። እጇ ባለበት ቀረ።

የዚያ ሐሙስ ዘንግ አረንጓዴ ነበር። በግራም በቀኝም ካሉት ሁሉ ይረዝማል፤ የስክሪኑን አናት ሊነካ ምንም አልቀረው። ከዚያ ወዲህም ዋጋው ትንሽ ወጣ ትንሽ ወረድ እያለ እዚያው ከፍታው ላይ ነው የሰነበተው።

«ተሳስቶ ይሆናል» አለች፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ገና አሁን የተጫነ ነገር አይደል? ዘግቼ ልክፈተው?»

«ተይው።»

ያ ከሰዓት መጣበት። ሁሉም ቱታውን እንደለበሰ ከበሩ ውጭ ቆሞ፣ ወደ ቤት መሄድ አቅቶት። ሚዛን ክፍል ይሠራ የነበረው ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ ሰው ያየኛል ሳይል ሲያለቅስ። ለካ በዚያው ሰዓት፣ የሆነ ቦታ፣ የማያውቃቸው ሰው ደስ ብሎት ሲገዛ ነበር። መባረራቸውን ሰምቶ፣ የነሱ ደመወዝ ከቀረለት ፋብሪካው ያተርፋል ብሎ ነው የገዛው። ካቦ አፈረ፤ ተናደደም። ጠልተውት ቢሆን ይሻለው ነበር፤ እነዚህ ገዢዎች ግን ጭራሽ አያውቁትም። ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ያን ሁሉ ወር ሲጠብቅ መክረሙ ነው።

ጣቱን አረንጓዴው ዘንግ ላይ አደረገ።

«እና ያ የሰጡኝ አክሲዮንም አብሮ ወጥቷል ማለት ነው?»

«አዎ» አለች። ቶሎ ልትመልስለት አልፈለገችም ነበር። «ለሱቁ በቅቶ፣ የመሣሪያም ይተርፋል።»

«እኔን ስላባረሩኝ።»

እጇን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

«አሁን መሸጥ ይቻላል?» አለ ካቦ።

«ቅዳሜ አይደል፤ ገበያው ዝግ ነው። ሰኞ ጠዋት ነው የሚቻለው።»

«በይ ለባለ ሱቁ ደውይለት። ሱቁን እንወስደዋለን በይው።»

«ራስህ አትነግረውም?»

«አልችልም፤ አንቺ ንገሪው።»

ስልኩን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ካቦ ጣቱን ሲያነሳ አሻራው ስክሪኑ ላይ ቀርቷል፤ ዘንጉን ግማሽ ድረስ ሸፍኖታል። በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው። አረንጓዴው ጥርት ብሎ ወጣ።