ሰባት ቁጥር

በኪቡጹ፣ ሁሉ ነገር የጋራ በሆነበት የእስራኤል የእርሻ መንደር፣ የሁሉም ሰው ልብስ በአንድ ቤት ይታጠባል። እንዳይምታታም ፍሩማ ከምሥረታው ቀን ጀምሮ በየአንገትጌው ላይ የባለቤቱን ቁጥር በቀይ ክር ትጠልፋለች። ሰባት ቁጥር የሲፓራ አባት ነበር። መሥራቾቹ ሲያወሩ፣ በመጀመሪያው ክረምት የዘብ ተራውን ጥሎ ኮበለለ ይላሉ። ስሙም ከመታሰቢያው ድንጋይ ላይ ተፋቀ፤ ሲፓራ «የኮብላዩ ልጅ» እየተባለች አርባ ዓመቷን ደፈነች።

ዛሬ ጠዋት ለመዋኛ ገንዳው የሚቆፍሩት ሰዎች፣ ከመሬት በታች ካገኙት የተደፈነ የውሃ ጉድጓድ ጭቃ የበላው ሸሚዝ አውጥተው ሲፓራ ወደምታጥብበት ቤት አመጡላት። ውሃውን ሦስት ጊዜ ቀየረችለት። በሦስተኛው ቀዩ ሰባት ብቅ አለ። ጀርባው ላይ ጣት የሚያሾልክ የጥይት ቀዳዳ ነበረበት።

ፍሩማ እንደ ልማዷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትጠልፋለች።

«ምነው ዛሬ ዝም አልሽ? ምላስሽንም አብረሽ አጠብሽው እንዴ?»

ሲፓራ ከየት እንደተገኘ ሳትናገር ሸሚዙን የአሮጊቷ ጉልበት ላይ ዘረጋችው።

«እትዬ ፍሩማ፣ ይኼ የማን ነው?»

ፍሩማ ቀዩን ክር ዳበሰች። ከዚያ እጇ ወደ ጀርባው ወረደና ቀዳዳው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ጉድጓዱን ማን ከፈተው?» አለች።