ክፍቱ ሰረዝ

ሚጢጢን የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ሥራ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠን መጻሕፍት መዝግበናል። መጀመሪያ ያስያዝኳት ነገር ይህ ነበር፦ "ደራሲው በሕይወት ካለ የትውልድ ዓመቱን ጻፊ፣ ሰረዝ አድርጊ፣ ከዚያ የሞቱን ዓመት ቦታ ክፍቱን ተዪው፤ ሰውዬው ገና ሥራ አለበት።" ያን ቀን በሳቅ ፍርስ ብላ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ከዓመታት በፊት ያሳተምኳት ትንሽ የልጆች መጽሐፍ ተጨማሪ ቅጂ መጣና መዝገቧን ከፈትኩ። ከስሜ ቀጥሎ የትውልድ ዓመቴ አለ፣ ሰረዙም አለ። ከሰረዙ በኋላ ግን የዘንድሮ ዓመት ተሞልቷል። ግርጌው ላይ፣ "መዝገቡን ያስተካከለው" በሚለው ቦታ፣ የሚጢጢ ስም ተጽፏል።

ደሜ ፈላ።

"አንቺ! በቁሜ ቀበርሽኝ እኮ! ሌላው ቢያደርገው ምን አለበት፣ አንቺ? በይ፣ ተሳስቼ ነው በይኝ!"

ሚጢጢ ቁጥር የምትለጥፍበትን መጽሐፍ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"አትቀየሚኝ፣ እታለም" አለች በሹክሹክታ። "ዓመቱን ብቻ እኮ ነው የሞላሁት። ቀኑን እንዳትደነግጪ ላንቺ ብዬ ተውኩት።"

ይህን ብላ ሳትጨርስ፣ ሳታስበው ዓይኗ ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ ሄደ።