ስፖኪዮ የሌለው ጀልባ

«ሁለት» ትላለች ልጄ።

መዞሬን እየቆጠረች ነው። ቀዘፋ ከጀመርን አምስት ደቂቃ አልሞላንም፤ ሁለት ጊዜ አንገቴን አዙሬ ከኋላዬ ያለውን ውሃ አይቻለሁ። በዞርኩ ቁጥር አንዱ መቅዘፊያ ጠልቆ ይቀርና ጀልባው እንደ ሰካራም ወደ ጎን ይሄዳል። የቀዘፋ አሰልጣኜ እሷው ናት፤ ሦስተኛ ከዞርኩ እንደምንመለስ፣ ለሌላ አሰልጣኝም እንደምታስረክበኝ ገና መሬት ላይ ሳለን ነግራኛለች። ያለችውን አታጥፍም፤ በዚህ በእናቷ ነው የወጣችው።

ግን እናንተው ፍረዱ። ይሄ ስፖርት ሰውን ጀርባውን ወደሚሄድበት አዙሮ ነው የሚያስቀምጠው። የምንሄድበትን የምታየው እሷ ብቻ ናት፤ ከፊቴ፣ ጉልበት ለጉልበት ልንነካካ ምንም ሳይቀረን፣ የመሪውን ገመድ ይዛ ተቀምጣለች። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳሁ ሰው ነኝ። እንደ ስፖኪዮ ጀልባው ላይ ላስራት ብዬ የመላጫ መስታወቴን በኪሴ ይዤ መጥቼ ነበር። ልጄ ተቀብላኝ አገላብጣ አየቻትና ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ፣ እንግዲህ ቁጭ ብለህ ዕረፍ አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምን ሳደርግ የኖርኩ መሰላቸው? ቁጭ ብዬ እኮ ነው። ያን ቀን ነው በአንድ ዓመት ውስጥ ሃያ ዓይነት ስፖርት ሳልሞክር አልቀርም ብዬ የማልኩት። ለጀማሪ የሚሰጠውን ፈተና ካልጨረስኩ አልቆጥረውም። ጁዶ ላይ አንዲት የጥርስ ሐኪም ከመሬት ደባልቃኛለች። በቀስት ዒላማ ስመታ የለቀቅኳት አንዷ ፍላጻ እስካሁን እየተፈለገች ነው። ይሄኛው አሥራ አራተኛዬ ነው፦ ሐይቁ መሐል እስከምትንሳፈፈው ብርቱካናማ ኳስ ደርሶ መመለስ።

አሥራ ሦስቱ ላይ ብወድቅም ስቄ ነው የተነሣሁት። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ልጄን መኪና ሳስተምራት፣ አደባባይ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ መሪውን ከእጇ መንጭቄ ወሰድኩ። ምንም አላጠፋችም ነበር፤ እኔ ነኝ የደነገጥኩት። ከዚያ ወዲህ እኔ የምነዳው ነገር ላይ ተሳፍራ አታውቅም፤ ራሷም የመኪና መሪ ነክታ አታውቅም። ስንገናኝ ትስመኛለች፣ ምሳ አብረን እንበላለን፣ ብቻ አንድ ነገር ጎድሏል። ዛሬም ለሌላ ሰው ካስረከበችኝ እንዲሁ እንደሆንን መቅረታችን ነው ብዬ ፈርቻለሁ።

«ቅዘፍ እንጂ አባዬ።»

እቀዝፋለሁ። ከኋላዬ የሆነ ነገር ይንቦጫረቃል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ አይደል፣ አንገቴ ራሱን ችሎ መዞር ሲጀምር በግድ እመልሰዋለሁ። ቀኝ እግሬ ግን የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ልጄ እግሬን አይታ ከንፈሯን ትነክሳለች። አውቃታለሁ፣ ሣቅ ይዟት ነው።

ሌላ የማየው ስለሌለኝ እሷኑ አያለሁ። ሾፌር ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ ልጄንም ያሳደግኳት ከጎኔ አስቀምጬ በዓይኔ ጠርዝ እያየሁ ነው። አሁን ፊት ለፊቴ ናት። ዓይኗ ወደ ግራ ይሄዳል፣ የግራውን ገመድ ሳብ ታደርጋለች፣ ቅንድቧ መሐል አንድ መሥመር ይወጣና ይጠፋል። ምን አይታ ይሆን? ጉድ እኮ ነው፣ አንድ ነገር ለማወቅ እንዲህ ጓጉቼ አላውቅም።

«ምን አየሽ?»

«ዳክዬዎች» ትላለች። «ቅድሚያ ሰጠኋቸው።»

የመንጃ ትምህርት ቃል ከአፏ ስሰማ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። እንዳላበላሸው ብዬ መቅዘፌን እቀጥላለሁ።

ከዚያ በኋላ እንደ ሕፃን መጠየቅ ሆነ ሥራዬ። ቄጠማው ምን ያህል ይርቃል? ያ ዓሣ አጥማጅ ተኝቷል ወይስ ነቅቷል? እሷም ትነግረኛለች። ቀስ በቀስ ሳልጠይቅም ማወቅ ጀመርኩ፤ ዓይኗ ሲጠብ ነገሩ ሩቅ ነው፣ አገጯ ቀና ሲል መንገዱ ክፍት ነው። ኳሷን ያየኋት ዞረናት ካለፍን በኋላ ነው።

ስንመለስ ግን ከኋላዬ የሞተር ድምፅ ይመጣል። የልጄ ፊት ይለወጣል፣ አገጯ ይወርዳል። ድምፁ እየቀረበ ነው። ለመቅዘፍ እጄን ወደ እሷ ስዘረጋ ከገመዱ አንድ ስንዝር አይቀረኝም፤ ልይዘው እችላለሁ። እሷም ታውቃለች። የሚመጣውን ትታ ለአፍታ እጆቼን ታያለች።

«አታቁም» ትለኛለች።

አላቆምም። ጥርሴን ነክሼ፣ ዓይኔን ዓይኗ ላይ ተክዬ እቀዝፋለሁ። የቀኙን ገመድ ትስባለች። የሞተር ጀልባው በግራዋ በኩል እየጮኸ ያልፋል፤ ማዕበሉ ወዲያና ወዲህ ያላጋናል፣ ጭኔ ድረስ ያረጥበኛል። ከዚያ ፀጥ ይላል።

«ፈራህ?»

«በጣም።»

«እኔም» ትላለች፣ ገመዱን ሳትለቅ።

እኔ እቀዝፋለሁ፣ እሷ ከትከሻዬ በላይ ታያለች። ስንት ጊዜ እንደቀዘፍኩ አላውቅም። አንድ ለስላሳ ነገር ከጀርባዬ በኩል ጀልባውን ቀስ ብሎ ይነካዋል። ጎማ ነው፤ የተነሣንበት የእንጨት ጀልባ ማቆሚያ ላይ የታሰረ አሮጌ የመኪና ጎማ። ደርሰናል፤ ሦስተኛ ስላልዞርኩ እኔ አላወቅኩም ነበር።