እንግሊዝኛ በአራራይ

ዲያቆን አንሙት ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ ነጠላውን አጣፋ። የዲማ ገዳም የዜማ ትምህርቱን ትቶ ደብረ ማርቆስ ስምንተኛ ክፍል ከገባ ወዲህ ሰው ፊት እንግሊዝኛ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር። መምህርቷ ያዘዙት፣ ተማሪዎችን የሚያምታቱ ጥንድ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነትርጉማቸው በቃሉ እንዲል ነው። ከሳቁበት ነገ ወደ ዲማ ሊመለስ ቆርጧል። አፉን ከፈተ። በቃሉ የያዘው ነገር ሁሉ ግን ከዜማ ጋር ካልሆነ አይወጣለትም። «አክሰፕት መቀበል፣ ኤክሰፕት በስተቀር፤ ቦሮው መበደር፣ ሌንድ ማበደር» አለ በአራራይ ዜማ፣ መጨረሻውን እየሳበ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «አባ፣ ይፍቱን እንጂ» አለች ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው ዓይናዲስ። አንሙት ወደ ኋላ ወንበር ሄዶ ተቀመጠ፤ ደብተሮቹንም በፌስታል ይከት ጀመር።

«አንቺ ሳቂታ፣ እስኪ ነይ አንቺ በይልን» አሉ መምህርቷ። ዓይናዲስ ወጣች። «አክሰፕት ማለት... አክሰፕት...» ብላ ጣራ ጣራውን አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በዚያው በአራራይ ጀመረችው። ማንም አልሳቀም። «ቦሮው» ላይ ስትደርስ ጠፋት፤ ዜማው አየር ላይ ቀረ።

ዲማ ከተማሪዎቹ አንዱ ዜማ ሲጠፋበት ሌላው ያነሳለታል እንጂ ዝም ብሎ አያየውም። አንሙት ፌስታሉን እንደያዘ «መበደር» ብሎ ከኋላ ሳበላት። ዓይናዲስ ዓይኗን ሳትገልጥ ተቀበለችው።