የሚላራይ ተራ

ወንድሟን የቫልዲቪያ ወንዝ ከወሰደባት ወዲህ ሚላራይ እንቅልፍ አጥታለች። ያን ቀን ጀልባው ላይ የሆነውን ለማንም ተናግራ አታውቅም። በመጨረሻ ለዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች አማካሪ ልትነግራቸው ወሰነች። ቀጠሮ ብትጠይቅ ግን አንዴ ሥልጠና ላይ ናቸው፣ አንዴ ስምሽ ኮምፒውተሩ ላይ የለም እየተባለች ክረምቱን ሙሉ ተመላለሰች።

ተራዋ የደረሰ ዕለት በዝናብ በስብሳ መጣች። ፀሐፊዋ ወይዘሮ ኤዴልሚራ ቀና ብለው አዩዋት።

«ምን ረሳሽ የኔ ልጅ?»

«ምንም አልረሳሁም። ቀጠሮ አለኝ።»

«አሁን ገባሽ አይደል እንዴ? እኔው ነኝ በሩን የከፈትኩልሽ።»

«እትዬ፣ እባክዎ አይቀልዱብኝ። ገና መምጣቴ ነው። ደግሞ ዛሬም ልትመልሱኝ ነው?»

ወይዘሮ ኤዴልሚራ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ካፖርቷን ትክ ብለው ተመለከቱ። «ቅድም ስትገቢኮ አልረጠብሽም ነበር» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የሚላራይ ትዕግስት አለቀ። አልፋቸው ሄደችና የአማካሪውን በር ልታንኳኳ እጇን አነሳች። ከውስጥ የሚሰማው ድምፅ ግን እጇን አየር ላይ አስቀረው። አንዲት ልጅ እያለቀሰች ስለ ጀልባው ትናገራለች። ወንድሟ ከውሃው ውስጥ እጁን እንደዘረጋላት፣ እሷ ግን ፈርታ የራሷን እንደሰበሰበች ትናገራለች።

ድምፁ የራሷ የሚላራይ ነው።

«በሩ ላይ የቆመ ሰው አለ መሰለኝ» አሉ አማካሪው።

«እሷን ይተዋት» አለ ያው ድምፅ ከውስጥ። «ትንሽ ቆማ ትሄዳለች።»