የማዶው ቤት በር

«ጋሼ፣ ፍጠኑ እንጂ!» ይላል ሊወስደን የመጣው ሾፌር ከደጅ ጥሩምባውን እየነፋ። የጎብኚዎች ማዕከሉ ከሰዓት በኋላ ይመረቃል፤ እኛ ደግሞ ሸለቆውን ገና አልጨረስንም።

ማዕከሉ ውስጥ የሚቀመጠው ይኼ የሸለቋችን ቅርጽ የኔና የሚስቴ ሥራ ነው። ትልቅ የምግብ ጠረጴዛ ያህላል፤ የወርክሾፓችንን ግማሽ ይዟል። ተራራውን፣ ገደሉን፣ ወንዙ የሚጠማዘዝበትን ሁሉ ከእንጨትና ከጀሶ የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀለሙ የሷ ነው። ከላይ ጎብኚ የሚጎርፍበት ፏፏቴ አለ፣ ከሥሩ ፍል ውሃው። መሀል ላይ በእርከን የሚወርደው የፍራፍሬ እርሻ፣ ታች ሜዳው ላይ ደግሞ ጡብ የሚተኮስባቸው ምድጃዎችና የዓሣ ገበያው። ቤቶቹን ምስር ምስር እያሳከልኩ ስቆርጥ ዓይኔ ሊጠፋ ነበር።

እሷ ጎንበስ ብላ የጽሑፍ ሰሌዳዎቹን ትለጥፋለች። እየለጠፈችም ጮክ ብላ ታነባለች።

«‹የሸለቆው ነዋሪ አብዛኛው በፍራፍሬ ይተዳደራል።› ይኼ እዚህ። ‹ጡቡ በጀልባ ተጭኖ በስተታች ወዳሉት ከተሞች ይሄዳል።› ይኼስ? ከመሻገሪያው በላይ ነው በታች?»

ዓይኔ ማዶ ተተክሎ ቀርቷል። ከወንዙ ማዶ፣ ጀልባ መሻገሪያው ጋ ካሉት ቤቶች አንዱ በር አለው።

እንዴ! በዚህ ሥራ በር የሚባል ነገር የለም። ቤት ማለት ጣሪያ ነው፤ ጣሪያውን በብሩሽ ነካ ታደርግና ታልፋለህ። ይኼን የነገረችኝ ደግሞ ራሷ ናት፤ «ከሰማይ የሚያይ ሰው በር አያይም» ብላ። እና ያቺ ምስር የምታክል ቤት ሰማያዊ በር አላት። ያውም በቀጭኑ ብሩሽ፣ ትንፋሽ ተይዞ የተቀባ። ከጎኑ ጀልባ ታስሯል።

የማን ቤት መሰላችሁ? የባለጀልባው! እኔ ሳላገባት በፊት ላግባሽ ብሎ ጠይቋት፣ እሷም «ላስብበት» ያለችው ሰውዬ። እኔ ስጠይቃት እዚያው በቆመችበት እሺ አለችኝ። ሰው ሁሉ በዚህ ልትኮራ ይገባል ይለኛል። እኔን ግን ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሚታሰብበት ሰው እሱ ነበር ማለት ነዋ!

«ይኼ ምንድነው?» እላታለሁ።

«የቱ?»

«ይኼ በር።»

ቀና እንኳ አትልም። «በር ነዋ።»

«ሸለቆው ሙሉ ቤት ነው። በር ያለው የሱ ብቻ።»

«የማን?»

«የማን ትለኛለች ደግሞ!»

አሁን ቀና ትላለች። ግንባሯን በእጇ ጀርባ ስትጠርግ ቀለሙ ቅንድቧ ላይ ይቀራል። «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም አልለቀቀህም? ልጆቻችን እኮ ራሳቸው ልጅ ወልደዋል።»

«በልጅ አታመካኚ። መልሽልኝ።»

«ወንዙን ስቀባ ብሩሹ ላይ የቀረ ቀለም ነው። ነካ አደረግኩት፣ አምሮ ወጣ፣ ተውኩት። አለቀ።»

አምሮ ወጣ! ጣቴን በሩ ላይ እቀስራለሁ። «ምን አምሮ ወጣ! አንደኛ ነገር ይኼ ሰማያዊ የሱ አይደለም፤ የሱ ደመቅ ይላል። ግርጌው ደግሞ ጎርፍ በልቶት አረንጓዴ ደርቦበታል። እጀታውም በግራ ነው፣ አንቺ በቀኝ አድርገሽዋል። ጀልባውንስ መቼ ነው በሩ ላይ የሚያስረው? ሾላው ሥር ነው የሚያስረው!»

የያዘችውን ሰሌዳ አስቀምጣ ታየኛለች። ቀስ በቀስ ከንፈሯ ዳር ላይ ሳቅ ይመጣል፤ ግን ሳትስቀው ይጠፋል።

«እኔ እዚያ ማዶ ከረገጥኩ ዘመን ሆኖኛል» ትላለች። «በሩ ሰማያዊ መሆኑን እንኳ አሁን ካንተ መስማቴ ነው። አንተ ይኼን ሁሉ መቼ አየኸው?»

እውነቷን ይሁን ውሸቷን አላውቅም። «ሰው... ሲያልፍ ያያል» እላለሁ።

«ጋሼ፣ ኧረ በፈጠራችሁ! ባለሥልጣኖቹ ደርሰዋል!» ይላል ሾፌሩ።

«መጣን!» ብላ ትመልስለትና ወደኔ ትዞራለች። «ላጥፋልህ?»

ላጥፋልህ ማለቷ ይብስ ያበግነኛል። ይኼን ያህል ዓመት ታምቆ የኖረው ነገር ሾልኮ ይወጣል። «የኛስ? የኛ ቤት ምን በደለሽ? የሱን በር ስታሳምሪ የኛን ለምን ረሳሽው?»

ከጣሳው ውስጥ ቀጭኑን ብሩሽ ትመርጣለች፣ በጨርቅ ትጠርገዋለች፣ ትዘረጋልኛለች።

«እንካ። የኛን አንተ ቀባው። እንደ ማዶው አሳምረህ፣ ምንም ሳታስቀር።»

«ጠፍቶኝ መሰለሽ?» ብዬ እቀበላታለሁ።

ጎንበስ እላለሁ። ቤታችንን ለማግኘት አልቸገርም፤ ከምድጃዎቹ ከፍ ብሎ መንገዱ የሚታጠፍበት ላይ ነው። የቀለም ቆርቆሮዎቹ ክፍት ናቸው፤ ቀይ፣ ቡናማ፣ ነጭ፣ አረንጓዴ። ዛሬ ጠዋት በዚያ በር ወጥቻለሁ። ትናንት ማታም የዘጋሁት እኔው ነኝ። ባለፈው ክረምት ማግስት እሷው በእጇ እንደ አዲስ ቀብታዋለች፤ ሽታው ራሴን አሞኝ ስነጫነጭባት እንደከረምኩ ደህና አድርጌ አስታውሳለሁ። ግን ምን ቀለም ነበር?

«ምነው ቆምክ?» ትላለች።

ብሩሹን ወደ ቡናማው አስጠግቼ ፊቷን ሰረቅ አድርጌ አያለሁ። ምንም የለም። ወደ አረንጓዴው እወስደዋለሁ፤ አሁንም ፊቷን አያለሁ። እጇን አጣምራ ትጠብቀኛለች። ብሩሹን ደረቁን እንደያዝኩ ወደ ቀዩ አዞረዋለሁ።