ልብን የከበበ ውኃ

ሐኪሙ ሙሽራዋን "የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" ሲላት እናቷ ቀድማ "ኧረ የላትም! ብርድ ነው የመታት" አለችና በብርድ ልብሱ ሥር የልጇን የእጅ አንጓ ጭምቅ አደረገችው። አማቷ ከግርጌ ቆመው ነበር። ሙሽራዋ በጀርባዋ መተኛት አቅቷት ትራስ አቅፋ አጎንብሳለች። በአልትራሳውንድ ማሽኑ መስታወት ላይ ልቧ በጥቁር ውኃ ተከቦ ሲንፈራገጥ ይታያል።

"ውኃውን አሁን በመርፌ እንቀዳዋለን" አለ ሐኪሙ። "ያመጣውን ካላወቅን ግን ተመልሶ ይሞላል።"

አንጓዋን የያዙት ጣቶች ይበልጥ ጠበቁ። በሠርጓ ሰሞን እናቷ "አማትሽ እንዳያዩብሽ" ብላ ክኒኖቿን ከሻንጣዋ ያወጣችው በእነዚሁ ጣቶች ነበር፤ እሷም ያኔ ሻንጣውን መልሳ ቆልፋ ነበር። አሁን እጇን መንጭቃ አወጣች።

"ኤችአይቪ አለብኝ" አለች፣ በየቃሉ መሃል አየር እየሳበች። "ባሌ ያውቃል። መድኃኒቱን ከሠርጌ ወዲህ አልዋጥኩም።"

"ወይኔ! ገደልሽኝ፣ አንቺ ልጅ!"

"እኔ ከምሞት ብዬ ነው፣ እማዬ።"

አማቷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የሐኪሙ ፊት ግን ፈታ አለ። "እንግዲያው ቲቢ ሊሆን ይችላል። የሰውነት መከላከያ ሲደክም ልብ ድረስ ይዘልቃል። ይታከማል" አለና ከአማቷ ሊጋርዳት ወደ መጋረጃው እጁን ዘረጋ።

"ይተዉት፣ ዶክተር። አማቴም ይስሙ።" ትንፋሿን ሰብስባ ወደ ግርጌ ዞረች። "እትዬ፣ እርስዎም ቆመው አይድከሙ፤ ያንን ወንበር ሳብ ያድርጉት። ገና ብዙ እጠየቃለሁ።"